መምህሩ ሲሾም ክፍሉን ማን ያስተምራል? ከደሴና ከኮምቦልቻ የተነሣ ዳሰሳ

ደሴ ውስጥ «እኔን ያስተማረ መምህር ነው» የሚባልለት ሹም ፈልጎ የሚያጣ የለም። ከተማ አስተዳደሩ ግቢ ብትገቡ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ አንድ ጽሕፈት ቤት ብታንኳኩ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው የትናንት የሒሳብ ወይም የሥነ ዜጋ መምህር ሆኖ ቢገኝ ማንም አይገረምም። አለመገረማችን ነው እንዲህ ያለ ዳሰሳ የሚያስፈልገው። መምህር በምን መንገድ ፖለቲካ ውስጥ ይገባል? ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? ሲበቃው ወይም ሲባረር የሚመለስበት ቦታስ አለው ወይ?

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ፖለቲካ የሚወድ መምህር አጥተን አናውቅም። ያጣነው መምህሩ ጠመኔውን ሳይጥል የሕዝብ ሥራ የሚሠራበትን ታችኛውን ወንበር ነው። እሱ ስለሌለ ከክፍል የሚወጣው መምህር ወይ ወደ አደባባይ፣ ወይ ወደ እስር ቤት፣ ወይ ወደ ሹመት ይሄዳል። ሦስቱም ቦታዎች ደግሞ ተመላሽ አያውቁም።

ለማነጻጸሪያ ሩቅ አገር ልሂድ። ኡለ ጋብሪኤል ኡላንድ የሚባል ኖርዌያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1799 በአገሩ ደቡብ ምዕራብ ገጠር ከገበሬ ቤት ተወለደ። ወጣት ሳለ ከአንዱ ገበሬ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ልጆች ያስተምር ነበር፤ በቤተ ክርስቲያንም ዜማ ይመራ ነበርና የእኛ ሰው ቢያገኘው መሪጌታ ይለው ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1833 ፓርላማ ገብቶ እስከ 1869 ቆየ፤ የገበሬ ተወካዮች መሪም ሆነ። እኔን የሚስበኝ ግን የፓርላማ ዘመኑ ርዝመት አይደለም። በ1837 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ነው፤ ለሕጉ ከተሟገቱት አንዱ እሱ ነበር። ሕጉ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ምክር ቤት እንዲመርጥ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የገጠር መምህር፣ ጸሐፊና ገበሬ አመሻሽ ላይ ተሰብስቦ ስለ መንገዱ፣ ስለ ድሆች መርጃውና ስለ ትምህርት ቤቱ በጀት ይወስናል፤ በማግሥቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1905 ከስዊድን ስትለይ የመጀመሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ትንሽ ቆይቶም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የርገን ለቭላንድ መምህርነት የተማረ ሰው ነው።

ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 በናዚ ጀርመን ድጋፍ ሥልጣን ላይ የተቀመጠው የኲዝሊንግ መንግሥት መምህራኑን በግድ የፓርቲው ማኅበር አባል ሊያደርጋቸው ሞከረ። አብዛኞቹ እምቢ አሉ። ከ1,000 በላይ መምህራን ታሠሩ፤ ከ500 የሚበልጡት ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ ኪርከነስ ተግዘው ከባድ ጉልበት ሥራ ሠሩ። መንግሥቱ ግን ማኅበሩን ማቋቋም አልቻለም፤ መምህራኑም ከወራት በኋላ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ይህን ታሪክ ኋላ የኛን የመምህራን ማኅበር ሳነሣ አስታውሱልኝ።

ወሎ ውስጥ መምህርና ፖለቲካ የተገናኙት አስኳላ ከመከፈቱ በፊት ነው። ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጠሩት ጉባኤ ተቀመጠ። የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ ውጤቱ ግን አገር የሚገዛ ዐዋጅ ሆነ። የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ መሐመድ ዓሊም ራስ ሚካኤል ሆኑ። በቦሩ ሜዳ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት መምህር አካለ ወልድ የዚያ ዘመን ሊቅ ናቸው፤ ዛሬ ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል። ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ሼህ ጦልሃ ብን ጀዕፈር አሉ። ደረሳ ሰብስበው ያስቀሩ፣ ዐማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል የጻፉ ዓሊም ናቸው። የጥምቀቱ ትእዛዝ ሲመጣ ኪታባቸውን አስቀምጠው የተቃውሞ መሪ ሆኑ። ያን ጊዜ ማንም ዓሊሙን «ፖለቲከኛ» አላለውም፤ ፖለቲካው ግን ቤቱ ድረስ መጣበት። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ወሎ መምህሩን የሚያከብረው ከጥንት ነው፤ የመምህሩም ቃል ከመስጊዱና ከደጀ ሰላሙ ያልፍ ነበር። ሌላ ቦታ የዳኛ ወይም የባላባት የነበረው ተሰሚነት እዚህ ለመምህርም ይደርሰው ነበር።

አስኳላው ሲመጣ ይህን ክብር ወረሰ። በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የወሎን ልጆች ከየአውራጃው እየሰበሰበ አሳደገ። ከሳይንት የመጣው ዋለልኝ መኮንን እዚያ ተምሮ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው፤ በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ ጽፎ አገር ያነጋገረው፣ በኅዳር 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር የተገደለው። ዋለልኝ ተማሪ እንጂ መምህር አልነበረም። ስለዚያ ትውልድ ሲጻፍ ግን ሁልጊዜ ተማሪው ይነሣል፣ መምህሩ ይረሳል። ያንን ተማሪ ፊደል ያስቆጠረ፣ መጽሐፍ ያዋሰ፣ በክርክር ክበብ ያናገረው የሃያ ምናምን ዓመት መምህር ነበር፤ ስሙ በየትኛውም ታሪክ የለም።

መምህራኑ ራሳቸው አደባባይ የወጡት በ1966 ነው። በ1941 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የየካቲት 11ን አድማ ሲጠራ ጥያቄው ሁለት ነበር። አንዱ ደመወዝ ነው። ሌላው «የትምህርት ሴክተር ግምገማ» የተባለው ዕቅድ ነው፤ ወላጅ በአጭሩ የተረዳው «የድሀ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቆም» ብሎ ነበር። ያን ዕለት ባለታክሲዎችም በቤንዚን ዋጋ ምክንያት አቆሙ። ዕቅዱ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ በየካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ወረደ። ስለ አብዮቱ ሲጻፍ ወታደሩ ብዙ ይነሣል፤ መምህራኑ ግን ከወታደሩ ቀድመው አንድ የመንግሥት ፖሊሲ በአድማ አስለውጠዋል።

የደሴና የኮምቦልቻ መምህር ደግሞ ሌላ ምክንያትም ነበረው። በ1965 እና በ1966 የወሎ ረኀብ ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ይታይ ነበር። ገበሬው ሚስትና ልጁን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ መንግሥት ዝም አለ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ያሳየው ፊልም ነገሩን ለዓለም ገለጠው። መምህሩ ግን ፊልም አላስፈለገውም፤ ጠዋት ስም ሲጠራ የማይመልስለትን ልጅ ቤት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የአንድ ሰው ሕይወት በሰፊው ላንሣ፤ ከረኀቡ ጋር የተያያዘ ነውና። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በሕንድ የፑንጃብ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምረው ለዐሥርት ዓመታት በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ደሴ አልተወለዱም፣ ደሴ አላስተማሩም። ነገር ግን የወሎ ገበሬ ለምን በየጊዜው እንደሚራብ እንደ እሳቸው አጥብቆ የጠየቀ መምህር የለም። በ1966 የቀድሞ ባለሥልጣናትን ተጠያቂነት ለማጣራት በተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ውስጥ ሠሩ። ኋላም ከ1950 እስከ 1970 ዓ.ም. ያለውን ዘመን የሚሸፍነውን፣ ስለ ገጠር ለረኀብ ተጋላጭነት የጻፉትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጡ። ክርክራቸው በአጭሩ ይህ ነው፤ ድርቅ የተፈጥሮ ነው፣ ረኀብ ግን ገበሬውን ያለ አቅም ካስቀረው ሥርዓት የሚመጣ ነው። ይህን ማለት በክፍል ውስጥ ጂኦግራፊ ነው፤ ከክፍል ውጭ ፖለቲካ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው በር ብቻ ነው።

በሩንም ተሻገሩት። በ1984 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) መሠረቱ። በ1993 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተነሡ በኋላ ከዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጋር ታሠሩ፤ ጥፋት የተባለው ስለ አካዳሚያዊ ነጻነት የተናገሩት ነው። በ1997 የተቃዋሚዎች ጥምረት በሆነው ቅንጅት ውስጥ ገቡ፤ ከምርጫው ቀውስ በኋላ ታሥረው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። መስከረም 19 ቀን 2013 በኮሮና ሲያርፉ 90 ዓመታቸው ነበር።

ስለ እሳቸው የሚጻፈው ሁሉ ወይ ውዳሴ ነው ወይ ወቀሳ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በፖለቲካ ውስጥ ቆይተው አንድም ቀን የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆነው ስለ ቧንቧ ውኃ ተከራክረው አያውቁም። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ በነጻነት የሚከራከሩበት ምክር ቤት አልነበረም። እንዲህ ያለ መምህር ኖርዌይ ቢወለድ በሠላሳ ዓመቱ የመንደሩ ምክር ቤት አባል ይሆን ነበር። እኛ አገር ያገኘው ወንበር የተከሳሽ ወንበር ነው።

ወደ ፖለቲካ የገባ ሌላው የዩኒቨርሲቲ መምህርም የገጠመው በደል ነው። የቀዶ ሕክምናው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን በ1984 መሠረቱ፤ በ1985 ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲባረሩ ከመካከላቸው ነበሩ፤ ኋላም ታስረው፣ እስራቱ ጤናቸውን ጎድቶት በ1991 አረፉ። ዶክተር መረራ ጉዲና የፖለቲካ ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው ፓርላማም ገብተዋል፣ ማዕከላዊ እስር ቤትንም አይተዋል። ዕጣቸው ከዚህ የተለየው አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ናቸው። በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አስተምረው፣ ዲን ሆነው፣ የደቡብ ክልልን መርተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በየካቲት 2010 ደግሞ በፈቃዳቸው ሥልጣን ለቀቁ። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ደግሞ ከእስርና ከስደት በኋላ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። አንድ አስተማሪ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጡ ጥሩ ነው። ግን በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ ያየነው ነገር ለትምህርት ቤቶቻችን የሚኒስትሩ መምህር መሆን ብቻ እንደማይበቃ ነው።

ወደ ማኅበሩ ልመለስ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ለሁለት ተከፈለ። የአንዱ ሊቀመንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታሠሩ፣ 15 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ1994 ይግባኛቸው ቅጣቱን ስለቀነሰላቸው ተፈቱ። እሳቸው በእስር ላይ ሳሉ ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ማኅበሩ ስሙንና ንብረቱን በፍርድ ቤት ተነጠቀ፤ ሌላ ስም ይዞ ለመመዝገብ ያደረገው ጥረትም ተቀባይነት አላገኘም። የኖርዌይ መምህራን እምቢታ የሠራው አብዛኞቹ በአንድነት ስለቆሙ ነው። የእኛው የከሸፈው መንግሥት ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የመምህራን ክፍሉ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ስለዚህ ክፍፍል ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ጡረተኛ መምህራን ዛሬም ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ምድር እንውረድ። ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ የገጠር ትምህርት ቤት ፖለቲካውን በደንብ ያሳያል። የቀበሌ ካቢኔ ሲቋቋም ርዕሰ መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያውና የጤና ባለሙያዋ ከአስተዳዳሪው ጋር አብረው ይቀመጣሉ። ርዕሰ መምህሩ ማንንም ምረጡኝ ብሎ አያውቅም፤ ትምህርት ቤት ስለሚመራ ብቻ ካቢኔ ሆነ። ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራ ሲመጣ ገበሬ ቀስቅስ ይባላል። የማዳበሪያ ዕዳ ሲሰበሰብ ስም ዝርዝር ያዝ ይባላል። በምርጫ ሰሞን ደግሞ ሌላ ነገር ይባላል። ወላጁም ያያል። ትናንት ማታ ዕዳህን ክፈል ብሎ ደጁ የቆመውን ሰው ዛሬ ጠዋት «ልጅህ ቀሪ አብዝቷል» ቢለው አይሰማውም። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በመጣ ጊዜ ደግሞ ተማሪው፣ መምህሩና ገበሬው በአንድ ቅርጽ ተጠረነፉ። መምህሩ ሳያውቀው ካድሬ ሆነ፤ ካድሬ መሆኑን ግን ሕዝቡ ቀድሞት አወቀ።

ቀጥሎ የሚመጣው የሹመት ደብዳቤ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሴሚስተሩ መካከል ነው። «ከዛሬ ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆነው ተመድበዋል» ይላል። መምህሩ ማርክ ሊስቱን ለክፍል ኃላፊው ያስረክባል፤ የያዘው ክፍለ ጊዜ ለሦስት ለአራት ባልደረቦች ይከፋፈላል፤ ዐሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ለሁለት ሳምንት ያለ መምህር ይቀመጣል። የሚወጣውን ሰው አልወቅሰውም። ከጀማሪ መምህር ጀምሮ ያለውን የደረጃ ዕድገት መሰላል ጨርሶ እንኳን የሚያገኘው ደመወዝ የቤት ኪራይ ችሎ አስቤዛ አይሞላም። ሹመቱ የቤት አበል አለው፣ የስልክ አበል አለው፣ አንዳንዴ መኪና አለው። ጎበዙ መምህር ይወጣል፤ የሚጎዳው ክፍሉ ነው። ፓርቲው ሠራተኛ ያገኛል፣ ትምህርት ቤቱ መምህር ያጣል፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ግምገማ መጥቶ ሰውየው ሲነሣ ደግሞ ማንም አያተርፍም። ከተነሣ በኋላ ወደ ጥቁር ሰሌዳው መመለስ እንደ ውርደት ይቆጠራል፤ ልጆቹም ሹክ ይባባላሉ። ስለዚህ አይመለስም፤ ሌላ ሹመት ይጠብቃል፣ ወይም ነጋዴ ይሆናል፣ ወይም ይሰደዳል።

ደሴ የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ግቢ ከፍቶ ያስተምራል፤ የቴክኖሎጂው ተቋም ያለው ኮምቦልቻ ነው። የሠለጠነ ሰው አናጣም ማለት ነው። በጥቅምት 2014 ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ተይዘው፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ፣ ኅዳር 27 ነጻ ከወጡ በኋላ ትምህርት ቤቶቹን እንደገና ያስጀመሩት መምህራን ናቸው። ዴስክ ቆጠሩ፣ የተሰበረ መስኮት በሸራ ሸፈኑ፣ የተቃጠለ ሰነድ በትዝታ መለሱ። አንድ መምህር ፖለቲከኛ ሳይሆን የሕዝብ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ከእነዚያ ወራት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እንግዲህ ታችኛው ወንበር ያልኩት ይኸውላችሁ። የዐማራ ክልል ሕገ መንግሥት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት አለ ይላል። በሚያዝያ 2000 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ነበር፤ አንድ ቀበሌ ብቻውን 300 ተወካይ ይመርጥ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ፉክክሩ ግን አልነበረም፤ ገዢው ፓርቲ ወሰደው። የሚቀጥለው በሚያዝያ 2005 ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ አልተካሄደም። በ2013 የተመረጠው ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ነው። ዛሬ ዕድሜው 30 ዓመት የሆነ መምህር በሕይወቱ አንድ ጊዜም ቢሆን በቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ላይ ድምፅ ሰጥቶ ላያውቅ ይችላል። ኡላንድ የተሟገተለት የ1837ቱ ሕግ የመምህርን መንገድ ከታች አስጀመረ፤ እኛ ከላይ ለመጀመር ስንሞክር ብዙ ዓመት አለፈን።

አንዳንድ አንባቢ «መምህር ከፖለቲካ ይራቅ» ይላል። አልስማማም። የወሎ መምህር ከሼህ ጦልሃና ከመምህር አካለ ወልድ ጀምሮ ከፖለቲካ ርቆ አያውቅም፤ ፖለቲካው ሁልጊዜ ይመጣበታል። ይልቅ ከካቢኔ ይራቅ። ርዕሰ መምህሩን ከቀበሌ ካቢኔ ማውጣት ዐዋጅ አያስፈልገውም፤ የዐማራ ክልል ትምህርት ቢሮ አንድ ሰርኩላር ቢጽፍ ያልቃል። ሴሚስተር ሳያልቅ መምህርን አለመሾምም እንዲሁ። የሹመት ደብዳቤው ላይ «የሹመት ዘመናቸው ሲያበቃ ወደ መምህርነታቸው በነበራቸው ደረጃ ይመለሳሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ስንት መምህር ከስደት ይተርፍ ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ፓርላማ የሚመረጥ ሰው ከሥራው ፈቃድ ይወስዳል፤ ሲጨርስ ይመለሳል፤ ማንም አይስቅበትም።

የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ ምክር ቤቶች ደግሞ ከዚህ በላይ ማድረግ ይችላሉ። የአካባቢ ምርጫ ሲካሄድ፣ መካሄዱም አይቀርም፣ ስብሰባቸውን ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ከማድረግ ወደ ቅዳሜ ወይም ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያዙሩት። ያኔ በደሴ የሆጤ ትምህርት ቤት መምህር ጠዋት ሒሳብ አስተምሮ፣ ማታ ስለ ከተማው በጀት ተከራክሮ፣ በማግሥቱ ክፍሉ ይገኛል። እስከዚያው ድረስ ለሁለቱም ምክር ቤት አፈ ጉባኤዎች አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በያዝነው ሴሚስተር ከክፍል ተነሥተው የተሾሙ መምህራን ስንት ናቸው፣ በየቦታቸውስ ማን እያስተማረ ነው? መልሱን በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን።